ለገዢው የተቆለፈ መጽሐፍ

አቶ ሀብተወልድ ከናይሮቢው ኪሌሌሽዋ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚወርደው፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍረው ቢቀመጡ፣ ጎናቸው ያለችው የቀድሞ ተማሪያቸው ሐሊና ሆና አገኟት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ናይሮቢ ለተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች ፊደልን በድምፅ የሚያስተምር፣ በስልክ የሚከፈት መጽሐፍ አዘጋጅተው ይሸጣሉ። በዚህ መጽሐፍ ለመጣባቸው ሰው ምሕረት የላቸውም።

«ጋሼ፣ ምነው ባገኘኋቸው ስል አምላክ አገናኘን!» አለች ሐሊና። «መጽሐፍዎን ለልጄ ለያኤል ገዝቼላት፣ ግማሹን እንደጨረሰች ስልኬን በማታቱ መስኮት መነተፉኝ። አዲሱ ስልኬ ‹አልገዛሽም› ብሎ ከለከለኝ። ልጅቷ አኩርፋ ይኸው በስዋሂሊ ብቻ ነው የምታወራው። ቅዳሜ በማኅበራችን አዳራሽ ከመጽሐፉ ልታነብ ነበር እኮ!»

«ፖሌ፣ አይዞሽ ልጄ! ግን መጽሐፉን ከገዢው በቀር ማንም እንዳይከፍተው የቆለፍኩት ለሌባ ብዬ ነው። አንዱ ገዝቶ መቶው ከገለበጠው፣ ምን በልቼ ሁለተኛውን ክፍል ልጻፍ?»

«ድካምዎ አይካድም። ሌባው ግን መች ቆመ? ፈትተውት ሲቀባበሉት ከርመዋል። ውጭ የቀረነው የከፈልነው ነን።»

«ሐሰት! ለገዢውማ ይከፈታል» ብለው አቶ ሀብተወልድ ሊያሳዩዋት በቅርቡ የገዙትን ስልክ አወጡ። ስልኩም «ይህ መጽሐፍ የሌላ ሰው ነው» አላቸው። ደግመው ነኩት፤ ያው ነው። ደራሲው በገዛ መጽሐፋቸው በር ላይ ተገትረው ቀሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ደግ አደረጋቸው!

«ጎረቤቴ ቁልፉ የተፈታውን ቅጂ ልካልኛለች» አለች ሐሊና ቀስ ብላ። «የእርስዎን ልፋት መንጠቅ መስሎኝ አልከፈትኩትም። ይፈቅዱልኛል?»

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሐሊና ስትከፍተው፣ «ሀ… ሁ…» የሚለው የራሳቸው ድምፅ ማታቱን ሞላው።

አቶ ሀብተወልድ ሳያስቡት ሳቁ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው! ያውም የኔ ውሻ የሚነክሰው ቤተሰቡን። ምን ይሻላል ልጄ?»

«ቁልፉን ያንሱት፤ የገዛ በፈለገው ስልክ ይክፈተው። መጀመሪያው ላይ ‹ከወደዳችሁት ግዙልኝ› ብለው በድምፅዎ ይጨምሩበት። ሰው ሲጠረጠር ይሸሻል፣ ሲታመን ያፍራል።»

በማግስቱ እንዳለችው አደረጉ።

ቅዳሜ ያኤል እስከ መጨረሻው ገጽ ስታነብ አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሱፍዋን የሚባል ነጋዴ ወደ አቶ ሀብተወልድ ቀርቦ፣ «መጽሐፍዎን በነጻ ከሚሰሙት አንዱ ነበርኩ። ጓደኞቼ አዲሱን ቅጂ ልከውልኝ፣ እርስዎ ‹ግዙልኝ› ሲሉ ብሰማዎት አፈርኩ፤ ለልጆቼም ለእህቴ ልጆችም ገዛሁ» አላቸው። ከእሱ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ።

እነሆ፣ በሩ ሲከፈት ገዢው መለመኑ ቀረለት፣ በነጻ ገልባጩ ወደ ገዢነት ተመለሰ፣ መምህሩም የተቆለፈባቸውን ሰዎች ስሞታ ከመስማት ዐረፉ። የሚሸጥ ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ ሌባን ፈርቶ የከፈለውን ደጅ አያስጠና።

ያኤል የሽማግሌውን እጅ ይዛ፣ «አባባ፣ ሁለተኛው ክፍል መቼ ነው?» አለቻቸው።

«በአማርኛ ከጠየቅሽኝማ፣ ዛሬውኑ እጀምረዋለሁ!» አሉ አቶ ሀብተወልድ።