ዶሮዎቹን ያጠጣኋቸው አተላ

ጎረቤላ መንደር ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ሰሞን ፈንግል የመንደሩን ዶሮ ይፈጅ ነበር። አማቴ የቄስ ሚስት ናቸው። ገበያ ሲወጡ፣ «የዶሮዎቹ ውሃ ላይ ትንሽ የሊጥ እርሾ ጠብ አድርጊበት፤ ሆዳቸውን ያጠናላቸዋል» ብለውኝ ሄዱ። እኔ ፈሪዋ፣ እርሾ እንዲህ ካደረገ አተላማ ይበልጣል ብዬ የጠላውን አተላ ገንዳቸው ውስጥ ገለበጥኩት።

ብዙም ሳይቆይ ለእንቁጣጣሽ የተያዘው ቀይ አውራ ዶሮ ተንገዳግዶ አንገቱን ጥሎ ተዘረረ። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ ሴት አታርድም፤ ወንድ ደግሞ ቤት የለም። ቢላዋ ይዤ ወጣሁና በደጅ የሚያልፈውን የአልዩ አምባ ጨው ነጋዴ፣ «ወንድሜ፣ በፈጠረህ ቶሎ እረድልኝ» አልኩት። ሙስሊም መሆኑ ትዝ ያለኝ ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ገንዳውን አሸተተ። «እህቴ፣ እኔ ባርደው አንቺ አትበዪውም። ደግሞም አልታመመም፤ አስክረሽው ነው።»

እፎይ ብዬ ዞር ስል አማቴ ከኋላዬ ቆመዋል። የተዘረረውን ዶሮ አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ቢላዋውን አዩ።

«ምን ልታበዪን ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።