ከትራስ የሚነሣ መስመር

አያቴ ለምን ወደ ቤት መመለስ እምቢ አለች? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። የመጨረሻ ክረምቷን ያሳለፈችው ከአትክልት ተራ ቁልቁል ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። አባቴ ታክሲ ይዞ ሊያመጣት ሲሄድ «ከዚህ አልጋ አታንሡኝ» አለችው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ተራው የእሱ ሆኗል። ከፋሲካ ወዲህ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት ጊዮርጊስ ጀርባ ባለው ቤታችን፣ በውስጠኛው ክፍል ተኝቷል። ቀኑን ሙሉ አይናገርም፤ ምግብም እየተወ ነው። ታላቅ ወንድሜ «አያታችን የነበረችበት እናስገባው። እስከ ቅዳሜ መልስሽን ንገሪኝ» ብሎኛል።

የምሠራው የድሮ ሕንፃዎች ፕላን በሚቀመጥበት ክፍል ነው። የመጦሪያውን ፕላን ፈልጌ አወጣሁት፤ ጥጉ ላይ የገልባጯ ስም ተጽፏል፦ አስካለ። እትዬ አስካለ ዛሬም ፒያሳ ይኖራሉ። ሄጄ ጥያቄዬን ነገርኳቸው። የመለሱልኝን እንደተናገሩት አስቀምጬዋለሁ።

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ቤት ቶሎ አይወለድም ነበር። አሁን በኮምፒውተር ጠቅ ጠቅ አድርገው ከምሳ በፊት ፎቅ ያወጣሉ አሉ፤ ይሁን፣ ደግ ነው። የእኛ ቢሮ እዚሁ ፒያሳ ነበር፣ ከሰዓት ሠሪው በላይ፣ ደረጃው ሲወጡበት እንደ በሽተኛ ያቃስታል። እና እኔ ገልባጭ ነበርኩ። ገልባጭ ማለት፣ አርክቴክቱ ጋሽ ሙላት በእርሳስ የሣሉትን ስስ ወረቀት አልብሼ በቀለም እከተለዋለሁ። ጠዋት ፀሐይዋ ትገባና ወረቀቱ ላይ ትተኛለች፣ ታዲያ ከሥሩ ያለው ቤት ውኃ ውስጥ ያለ ቤት ይመስለኛል፣ ግድግዳው፣ በሩ፣ ደረጃው ይንሳፈፋል። እና እጄ ሲሄድ እኔም አብሬ እገባለሁ። ስንት ሰው ቤት ገብቻለሁ መሰለሽ፣ ማንም ሳያየኝ። የሰው ሳሎን፣ የሰው ማድ ቤት፣ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጫማዬን አያለሁ፣ በሰው ወለል ላይ ጭቃ ይዤ ገብቼ እንዳይሆን ብዬ። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው።

ታዲያ የመጦሪያው ሥራ መጣ። ጋሽ ሙላት ወረቀቱ ላይ አፍጥጠው ዋሉና አንድ መስመር አልሣሉም። ከዚያ ተነሡ፣ ኮታቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው አስቀመጡ፣ እና ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ሄደው በጀርባቸው ተንጋለሉ። «አስካለ» አሉኝ፣ «ከዚያ ሆነሽ ምን ይታይሻል?» «መንገዱ፣ ጋሼ። ሰው።» «ለእኔ ጣሪያ ነው። ሜትሩን አምጪና ከዓይኔ አጠገብ ያዢው።» ሜትሩን ይዤ ተንበርክኬያለሁ፣ እና በዚህ መሐል ከታች ካለው ቡና ቤት ማኪያቶ የሚያመጣልን አስተናጋጅ በሩን ከፈተው። ቆመ። አያቸው፣ አየኝ። «እህቴ፣ መቼ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። «ምኑ?» «ያረፉት።» ጋሽ ሙላት እንደተጋደሙ «ስኳር አድርገህበታል?» አሉት። ያ ሰውዬ ከዚያ ወዲያ ማኪያቶውን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ነበር የሚሮጠው።

እና ሣሉ። ቤቱን እንደ ዳቦ ቆርጠው ጎኑን የሚያሳዩበት ሥዕል አለ፣ አይተሽዋል አይደል? አልጋ አለ፣ አልጋው ላይ ሰው ተኝቷል፣ እና ከትራሱ ነጠብጣብ መስመር ይነሣል፣ በመስኮቱ ይወጣል፣ ግቢውን ያቋርጣል፣ የውጭው በር ድረስ ይሄዳል። መስኮቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ከፍራሹ እምብዛም አይበልጥም። «ጋሼ፣ ይኼ መስመር ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ዓይን ነው» አሉኝ፣ «ግንበኛ እንዳይቆርጠው አድምቀሽ ሣይው።»

ታዲያ መስመሩ በአትክልቱ መሐል ነው የሚያልፈው። አትክልቱን ቀለም የምቀባው ደግሞ እኔ ነኝ። ያልተተከለ የወይራ ዛፍ ቀባሁ፣ ያልተተከለውን ዛፍ ጥላ ቀባሁ። ውጭ ክረምት ነው፣ ፒያሳ በዝናብ ደብዝዛለች፣ የጊዮርጊስ ደወል ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል፣ እኔ ግን እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ፣ ይሞቀኛል። ጋሽ ሙላት ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «ወይራሽ ያምራል» አሉኝ፣ «ግን እዚያ የሚተኙት ሰዎች ወይራ እስኪያድግ አይቆዩልሽም።» «ታዲያ ላጥፋው?» «አታጥፊው። እሱ ለሌሎቹ ይደርሳል። ከፊቱ ቶሎ የሚመጣ ነገር ፈልጊለት።» ምን እንደሆነ አላወቅኩም፣ እና ቦታውን ባዶ ተውኩት።

ግንበኞቹን የሚመራው ካቦ ወልዴ ነበር። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ምላጭ። ፕላኑን አቃንቶ አየው፣ ዘቅዝቆ አየው። «እህት አስካለ፣ እጅሽ ስቷል።» «አልሳተም።» «ይኼ መስኮት የፍየል ነው። ሌባ እግሩን ሳያነሣ ይገባበታል።» «ከሽማግሌ ምን ይሰርቃል?» «ጋቢ ይሰርቃል።» እና ምን አደረገ መሰለሽ? አረመው። በክፋት እንዳይመስልሽ፣ እኔን ሊያድን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል መስኮት እንደማንኛውም ቤት ከፍ አድርጎ ገነባውና ልናይ ስንሄድ ጋሽ ሙላትን ወደ ጥግ ወሰደ። «የልጅቷን ስህተት ድምፅ ሳላሰማ አስተካክያለሁ፣ እንዳይቆጧት» አላቸው። እኔ ይኼን ስሰማ ልናደድ ወይስ ላመስግን፣ እስካሁን አላወቅኩትም።

ጋሽ ሙላት አልተቆጡም። «አልጋ አምጡ» አሉ። የዘበኛው የሽቦ አልጋ መጣ። «ወልዴ፣ ተኛ።» «በሥራ ሰዓት?» «ይኼም ሥራ ነው፣ ተኛ።» ተኛ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ምን ይታይሃል?» «ሰማይ።» «ይበቃል?» «የእግዜር ሰማይ ምን ይወጣለታል፣ ጋሽ ሙላት።» «እንግዲያው እዚያው ቆይ» ብለው ጥለነው ወጣን።

እና እኛ ግቢው ውስጥ ነን። የአሸዋ መኪና መጣ፣ ሰው ተጯጯኸ። ወልዴ ከውስጥ «ማነው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ትንሽ ቆይቶ ሴት ሳቀች። «ማናት እሷ?» ዝም። ታዲያ ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች፣ «ወልዴ የት ሄደ?» ስትል ድምጿን ሰማ። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየዋለሁ፣ ራሱን ያነሣል፣ አንገቱ ይደክመዋል፣ ይጥለዋል፣ እንደገና ያነሣል። በመጨረሻ ዘሎ ተነሣ። ጋሽ ሙላት በሩ ላይ ቆመዋል። «ወዴት ነው? አንተ እኮ መነሣት አትችልም።»

ወልዴ ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቆየ። ከዚያ «እናቴ አገር ቤት ብዙ ጊዜ ተኝታ ነው ያረፈችው» አለ። «በር በተንኳኳ ቁጥር ማነው፣ ማነው ትል ነበር። እኛ አርጅታ ነው እንል ነበር።» መዶሻውን አነሣና ከመስኮቱ ሥር ያለውን ግድግዳ በገዛ እጁ አፈረሰው።

በኋላ ደግሞ አንድ ጠዋት ከአገሩ እንሰት በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ። «ቶሎ የሚመጣ ነገር ጠፋ አላላችሁም? ይኸው። ቅጠሉን ነፋስ ሲነካው እጁን የሚያወዛውዝ ሰው ይመስላል፤ ለተኛ ሰው ጨዋታ ነው» አለን። ከመስመሩ ግራና ቀኝ አስተከለው፣ እኔም ወደ ፕላኑ ተመልሼ ባዶ በተውኩት ቦታ እንሰት ሣልኩ። አረንጓዴው ወረቀቱን ሲሞላው ትዝ ይለኛል፣ እጄ ላይ ሁሉ ቀርቶ ነበር። አንዳንዴ አሁንም ተኝቼ በዚያ ወረቀት ውስጥ እሄዳለሁ፣ ልጄ። ጥላው አድጓል።

እትዬ አስካለ እዚህ ላይ ቆሙና ውጭውን አዩ። እኔም ለዓመታት የፈራሁትን ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ አያቴ እኛን ስላልወደደች አይደለም እንግዲህ?»

«አያትሽን አላውቃትም፣ ልሳሳት እችላለሁ። ግን ንገሪኝ፣ ልትጠይቋት ስትሄዱ ምን ትላችሁ ነበር?»

አሰብኩ። «ገና ሳንገባ ስማችንን ትጠራ ነበር። በኮሪደሩ ሳለን ትሰማን ነበር፤ እርምጃችንን የምታውቀው ይመስለኝ ነበር።»

«ከበሩ ጀምሮ ስታያችሁ ነዋ። ቤት ብትመለስ የት ነበር የምትተኛው?»

«ውስጠኛው ክፍል።»

«መስኮት አለው?»

«ትንሽዬ፣ ከጣሪያው ሥር።»

«አባትሽስ አሁን የት ነው?»

«እዚያው።»

«ሳሎናችሁ ወዴት ያያል?»

«ወደ መንገዱ። ግን መስኮቱን ቡፌ ሸፍኖታል።»

«ምን ሸፈነው?»

«ቡፌ። የእናቴ ነው። ብርጭቆዎች አሉበት።»

«ማን ይጠጣባቸዋል?»

«ማንም። የእንግዳ ናቸው።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ጋሽ ሙላት ይኼን ሳይሰሙ አረፉ። እኛ መስኮቱን ወደ መንገድ ለማድረግ እንጣላለን፣ ሰው ቡፌ ያቆምበታል። ምነው ታዲያ አባትሽን እዚያ አታስተኚውም?»

«ወንድሜ ሳሎን ውስጥ አልጋ ተዘርግቶ እንግዳ ምን ይላል ይለኛል።»

«እንግዳው ማንን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው?»

ጉንጫቸውን ስሜ ወጣሁና ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ቅዳሜን ሳልጠብቅ፣ ለወንድሜ ደወልኩ።

«አባባ የትም አይሄድም» አልኩት። «ነገ ጠዋት ና፣ ቡፌውን እናንሣ። ካልተመቸህ ከአትክልት ተራ ተሸካሚ እጠራለሁ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር።

«እና ቡፌውን የት እናድርገው?» አለኝ።

«አባባ የነበረበት» አልኩት።