ዘጠኝ ከረጢት ክላም ወደ ወሽመጡ ስለመመለሱ

የቃል ሰጪው ስም፦ ጋሬት ቬሪቲ
ዕድሜ፦ 56
ሥራ፦ ክላም ለቃሚ፤ በባሕር ሕይወት ሳይንስ ዲግሪ ያለው
አድራሻ፦ ኒው ዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ፣ ሄሪንግ ኔክ፣ የቤት ቁጥር 41
ቀን፦ ጁላይ 12 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ክላም የምንለውን ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ከወሽመጡ ወለል በእጅ መቧጠጫ ማውጣት ከአባቴ ጋር ከጀመርኩ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ያልደረሱትን ወዲያውኑ ከወጡበት ቦታ እንመልሳለን። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በየፀደዩ የክላሙን ብዛት ቆጥሬ መዝግቤአለሁ። ባለፈው ፀደይ በእጅ በምንሠራበት ወለል በአንድ ካሬ ሜትር አሥራ አራት፣ ወለሉን በማሽን የሚዝቅ ጀልባ ባለፈበት ሁለት አገኘሁ። መዝገቡን ይህን ቃል ለተቀበሉኝ መርማሪ አሳይቻለሁ፤ በግምት የገባ ቁጥር የለበትም።

በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ የካፒቴን ዴል ካሽማን ጀልባ በውሃ ግፊት ወለሉን የሚፈነቅለውን የብረት ሣጥን እየጎተተ ለመራቢያ በተከለለው አሸዋ ላይ ሲያልፍ አየሁ። ጀልባዬን ወደ እሱ ጀልባ አስጠግቼ ያለ ፈቃድ ወጣሁበት። ተጋብዤ ነው የወጣሁት ብል እንደሚቀልልኝ አውቃለሁ፤ አልተጋበዝኩም። ካፒቴኑ ፈቃድ ያለው ጥቁር ጭቃ ባለበት ቦይ ነው፤ የዚያ ክላም ዛጎሉ ይጠቁራል። በጀልባው ላይ ባገኘኋቸው ዘጠኝ ከረጢቶች የነበረው ግን ነጭ የአሸዋ ክላም ነው፤ ግማሹም ያልደረሰ።

ካፒቴኑ እየሳቀ፣ "ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ደግሞ ልትፈትነን መጣህ? አባትህ በዚያ ማበጠሪያ መሳይ መቧጠጫው የተወውን ነው እኮ የማነሳው" አለኝ።

"አባቴ የተወው ረስቶት አይደለም" አልኩት።

ከዚያም ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ክላሙን ከወጣበት አሸዋ ላይ መለስኩ። የረዳኝ ሰው የለም።

መርማሪዋ ሳጅን ኢሌን ፕሮክተር፣ ከረጢቶቹን ሳልነካ ፖሊስ ብጠራ ኖሮ ካፒቴኑን ለመክሰስ ማስረጃ ይሆኑ እንደነበር፣ አሁን ግን የቀረው ክስ በእኔ ላይ ብቻ እንደሆነና የለቀማ ፈቃዴን ሊያሳጣኝ እንደሚችል ነግረውኛል። አንድ ከረጢት እንኳ ለምን እንዳላስቀረሁም ጠይቀውኛል። አንዱን ለማስረጃ ብዬ ለይቼ ነበር። ፖሊስ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ፀሐይ ትንንሾቹ ይሞታሉ። እሱንም ፈታሁት። ነገም ቢሆን እፈታዋለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኛል። በካፒቴኑ አቤቱታ መሠረት ስምንት ከረጢት ተብሎ የተጻፈው ስህተት ስለሆነ ዘጠኝ ተብሎ እንዲታረም አድርጌአለሁ። የቀረው እንደተናገርኩት ነው፤ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜአለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ጋሬት ቬሪቲ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ሳጅን ኢሌን ፕሮክተር (ፊርማ)