ሁለቱ የድንጋይ ክምሮች

አጎቴን ጣሊያን የረሸነው ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በእኛ አገር ሰው በተገደለበት ቦታ የሚያልፍ ሁሉ ድንጋይ ያኖራል። እኔም በዚያ ባለፍሁ ቁጥር፣ ከትልቁ ክምር ላይ «ነፍስ ይማር» እያልሁ ድንጋይ ስሜ ሳስቀምጥ ሦስት ዓመት ሆነኝ። የዚያን ለት ግን ከኋላዬ የመጡ ሽማግሌ ድንጋያቸውን ባለ በሌለ ኃይላቸው ወረወሩና እንትፍ አሉበት። ደሜ ፈላ!

«ምነው አያ! በሙት ላይ ይተፋሉ?»

«አንተስ ምነው ትስምለታለህ? ዘመዱ ነህ?»

«አጎቴ ነዋ! እዚህ አይደል ጣሊያን የረሸነው?»

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ በዱላቸው ከመንገዱ ማዶ፣ ሣር የዋጠውን፣ ከጉልበት የማያልፍ ቁልል አሳዩኝ።

«አጎትህ ያ ነው። ይሄ ጠቁሞ ያስያዘው ባንዳ ነው፤ ጣሊያን ሲወጣ እኛው እዚሁ ገደልነው።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ድንጋይ?»

«የእርግማን ነው።»

ሦስት ዓመት ያኖርኋቸውን ላወጣ ተንበረከክሁ። አንዱን አንሥቼ ጣልሁ፤ ሌላውን አነሣሁ፤ ያንንም መለስሁት። ሽማግሌው ከበላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ የሳምኸውን ከተተፋበት በምን ትለየዋለህ?» አሉኝ።