የቴኒስ ጌም የሚመርጠው ሰው

እስቲ በርጩማው ላይ ውጪልኝ… ቀጥ በይ፣ እጅሽን ልቀቂው። ጉርዱ እንዴት አምሮብሻል! ርዝመቱ ብቻ ነው የበዛው፣ እሱን ደግሞ አሁን እዚሁ እናሳጥረዋለን። ዛሬ እንዴት ይሞቃል እባክሽ? መስኮቱን ብከፍተው የመንገዱ አቧራ ጨርቄ ላይ ይሰፍራል፣ ብዘጋው እንደምታዪው ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው? የትንሹ ጥርስ ወጣ? ጎሽ። እስከ ጉልበትሽ ላድርገው ወይስ ትንሽ ዝቅ ይበል? …ዝቅ ይበል? በቃ፣ አለቀ! አየሽ፣ አንቺን የምወድሽ ለዚህ ነው። ተጠየቅሽ፣ መለስሽ። ደንበኛ ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን እኔ ስንት ልብስ ሰፍቼ ነበር።

ማን? …ጥግ ወንበሩ ላይ ያለው? እንግዳ ነው። እንግዳስ አይባልም፣ ቤተኛ ሆኗል። እህቴ ዛሬ ሆስፒታል ተረኛ ናት፣ እስክትወጣ እየጠበቃት ነው። እሱን ተዪው፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ በእጁ የያዛትን ጌም ይጫወታል፣ ማንንም አያስቸግርም። ቀጥ በይ እንጂ የኔ እናት፣ ወዲያ ስትዞሪ ጠርዙ ይጣመምብኛል።

ጌም ስልሽ ትዝ አለኝ… አንድ ሰው አለ። አታውቂውም። የዚህ ሰፈር ሰው አይደለም፣ ሩቅ ነው፣ በጣም ሩቅ። ግን እንዴት ያለ አስተዋይ መሰለሽ! ነገር አይቸኩልም። ቃሉን አጥፎ አያውቅም… መቼ ገብቶ! እና ይሄ ሰው ድሮ፣ እህቴ ገና ተማሪ ሳለች፣ እንዲህ በእጅ የሚያዝ ጌም ገዛ። እሰይ አልን። ከዚያ መያዣ ቦርሳ ገዛለት፣ ዚፕ ያለው። መስታወቱ እንዳይጫር ፕላስቲክ ለጠፈበት፣ ፕላስቲኩ እንዳይጫር ደግሞ በላዩ ሌላ ፕላስቲክ። ቻርጅ ሲያደርግ የሚያቆምበት ማቆሚያ ገዛ። መወልወያ ጨርቅ እንኳን ከእኔ… ከአንዲት ልብስ ሰፊ ለምኖ ወስዷል፣ ለስላሳውን፣ ገበሩን። ሁሉ ነገር ተሟላ። የቀረው የሚጫወተው ጨዋታ ብቻ ነው።

የሚፈልገውንማ ያውቃል፣ ቴኒስ ነው። ከቴኒስ ሌላ ዓይኑን አይሞላውም። ግን የትኛው ቴኒስ? አንደኛው አለ፣ ጭንቅላታቸው ሐብሐብ የሚያህል ሰዎች የሚጫወቱበት፣ ኳሷ እሳት እየተፋች መረቡን የምትበሳ። «ያስቃል፣ ግን ቁም ነገር የለውም» አለ። ሁለተኛው አለ፣ ተጫዋቾቹ ቁርጥ እውነተኛ ሰው የሚመስሉበት፣ ላባቸው ሳይቀር የሚታይበት። «እዚህ ላይ ደግሞ ቁም ነገር በዛ» አለ። ሦስተኛው ላይ አንድ ጀማሪ ተጫዋች ይሰጥሽና አንቺ ነሽ ለቁም ነገር የምታበቂው። አሠልጣኝ ትቀጥሪለታለሽ፣ ጉልበቱን ሲያመው ታሳርፊዋለሽ፣ ተሸንፎ ሲከፋው ታጽናኚዋለሽ። ይሄንንማ ገና ሲሰማ ላብ አጠመቀው። «ይሄ እኮ ኃላፊነት ነው!» አለ… ምን ያስቅሻል? እውነቱን እኮ ነው። ስክሪን ላይ ያለ ሰው ጉልበት ቢታመምበትስ? ኃላፊነት የማይፈራ ሰው ጥሩ ሰው ነው እንዴ?

እና ምን ዘዴ አገኘ መሰለሽ… ነጻ ሙከራ! እነዚህ ጌሞች ለካ ሳትገዥ በፊት እንድትቀምሻቸው ትንሽ ትንሽ ያስጫውቱሻል። ትጫወቻለሽ፣ ትሮጫለሽ፣ ትመልሻለሽ… ልክ ጨዋታው መጣም ሲጀምር፣ ያ ከመረቡ ወዲያ ያለው ሰውዬ መምታት ሲጀምር፣ ቀጥ ይልብሽና ይጠይቅሻል። «ሙሉውን ጨዋታ ይፈልጋሉ?» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ። አንዱ «አዎ» ይላል፣ ሌላው «በኋላ»። የእኛ ሰው… የእነሱ ሰው ማለቴ ነው፣ «በኋላ»ን ይጫናል። ሙከራውም ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። ያው ሜዳ፣ ያው ሰውዬ፣ ያቺው ኳስ። ስንት ዘመን! የመጀመሪያዋን ጨዋታ እንደሱ አድርጎ የሚጫወት በዓለም ላይ ይገኛል ብለሽ ነው? አይገኝም። ሁለተኛዋን ግን አይቷት አያውቅም። ፕላስቲኩ በ«በኋላ» በኩል ደብዝዞ የመታጠቢያ ቤት መስኮት መስሏል አሉ፤ በ«አዎ» በኩል ይኸው ዛሬም አዲስ ነው።

ሥራውን ብነግርሽ ደግሞ አታምኚኝም። መነጽር ቤት ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰው አስቀምጦ መስታወት እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ? …አሁንስ፣ ይሄ ወይስ ይሄ?» ሲል ይውላል። ሰውም ይመልስለታል እኮ! ግድግዳና በር የማይለዩ አዛውንት ገብተው «ሁለተኛው» ይሉታል፣ መነጽራቸውን አድርገው ይወጣሉ። አንድ ደንበኛ «እስቲ ላስብበት» ቢለው ደግሞ ይናደዳል አሉ። ሰው ሲያጠፋበት አይወድማ፣ ጊዜውን። ጊዜ ክቡር መሆኑን እንደሱ የሚያውቅ የለም።

እስቲ አንዴ… ዞር ሳትዪ፣ በመስታወቱ ብቻ እዪልኝ። የእንግዳችን አውራ ጣት ቆማለች? ቆማለች? ምናልባት ጌሙ ጠይቆት ይሆናል። ተዪው፣ የሱ ሌላ ጌም ነው። የሱን ከዚያኛው ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል? ቴኒስ የሚጫወተው ሰው አንድ ብቻ ነው እንዴ?

ምን እያልኩሽ ነበር… አዎ፣ ልጅቷ። ሰውየው ፍቅረኛ አለችው። ነርስ ናት፣ እንደኔዋ እህት ማለት ነው። መጀመሪያ አማክሯት ነበር። እሷም አንድ ጊዜ አየት አድርጋ «ባለ ትልልቅ ጭንቅላቶቹ ይሻላል፣ ቢያንስ እንስቃለን» አለችው። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እናስብበታለን» አላት። እንዴት ያለ ትሕትና! ቆይታ ቆይታ ለልደቱ ያንኑ ጌም ገዝታ፣ ጠቅልላ፣ ሪባን አስራ አመጣችለት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግንባሯን ስሞ አመሰገነ፣ ሪባኑን በጥንቃቄ ፈታ… ጌሙን ወስዶ ለሱቁ መለሰ። «የሚመጣው ዓመት አዲሱ ይወጣል፤ ኳሷ ስትነጥር መሬት ላይ የሚያርፈው ጥላ የበለጠ እውነት ይመስላል» አላት። ልክ ነዋ! ሰው እንዴት ጥላው ሳይስተካከል ኑሮ ይጀምራል? …ጨዋታ ማለቴ ነው። ምላሴን ስፒል ወጋው መሰለኝ።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ልጅቷ ቁርጡን ጠየቀችው። ነገር አላበዛችም፣ በሚገባው ቋንቋ ነው የጠየቀችው። «እንጋባ ወይስ እንለያይ? ይሄ ወይስ ይሄ?» ከመነጽር ቤት ሰው በላይ ይሄን ጥያቄ ማን ያውቀዋል? እሱም ጌሙን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ወለወለ፣ መልሶ አደረገ… «ደስ የሚል ጥያቄ ነው» አላት። «ይሄን ቴኒስ ልምረጥና ከዚያ ተረጋግተን እናወራለን።» አየሽ? እምቢ አላለም። ደግ ነው፣ እምቢ ማለት አይሆንለትም።

ልጅቷ ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። ታላቅ እህቷ ናት ያሳደገቻት፣ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያመላለሰቻት፣ የመጀመሪያ የነርስ ጋዋኗን በእጇ የሰፋችላት። እንደዚያ ፊቷ ጠፍቶ ስታያት ሆዷ ተቃጠለ። እስካሁንም አልበረደላት… እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሰው ወሬ ነው። ብቻ ሳወራው እኔንም እዚህ ደረቴ ላይ ይይዘኛል። …የለም፣ ምንም አልሆንኩም፣ ሙቀቱ ነው። ወደ ግራ ትንሽ ዙሪልኝ።

ለእሷስ እግዜር አላት። በማግስቱ ነው፣ ሆስፒታሏ ውስጥ አንድ የአምቡላንስ ሾፌር አለ፤ መቼም የአምቡላንስ ሾፌር «በኋላ» ቢል ምን እንደሚከተል አንቺም ታውቂያለሽ። ፊቷን አየና «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። እሷም ከመጨነቋ የተነሳ «ቴኒስ!» አለችው። ምን ይበል ምስኪን? በምሳ ሰዓት ሱቅ ሮጠ፣ «ቴኒስ አለ?» አለ፣ እጁ የገባለትን አንስቶ ሮጦ ተመለሰ። ሲከፍቱት የሕፃናት ነው! ዳክዬዎች ናቸው የሚጫወቱት፣ በቀሚስ! ራኬቱን በመንቁራቸው ይዘው! ኳሷ መረቡን በነካች ቁጥር ኳክ ይላል። ጥላ የሚባል ነገር ጭራሹን የለውም። ከዚህ የባሰ ጌም ተሠርቶ አያውቅም። ሁለቱ ታዲያ የመድኃኒት ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ሲጫወቱ፣ ሳቃቸው ዶክተሮቹን ከስብሰባ አወጣ አሉ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት እንዲሁ ሆነ። ዛሬ ደግሞ የሱ ዳክዬ ልትመታ መንቁሯን እንዳነሳች ጨዋታውን አቆመና «ብንጋባስ?» አላት።

«አዎ» አለችዋ! ጫማዋን እያሰረች ነው አሉ የመለሰችው። ለእህቷ ስልክ ደውላ ስትነግራት ሁለቱም እንደ እብድ ሳቁ፣ ከዚያ እህትየዋ መቀሷን ጥላ አለቀሰች። ያኛው ሰው? እሱማ ገና አልሰማም። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ በሰው አፍ አልልክበትም፣ ራሴ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብላለች። ከሥራ ስትወጣ ወዳለበት ትመጣለች። እኔም አልናገርም፣ ምን አገባኝ?

ጨረስኩልሽ። ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ስፒሉ እንዳይወጋሽ። …አልተቀየምኩትም ያንን ሰው። ለምን እቀየመዋለሁ? ምን በድሎ? ቢያንስ ወንበር አያጎድፍም፣ ድምፅ አያሰማም። እንዲያውም ልመርቀው ነው፣ አሜን እያልሽ ስሚኝ። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጠው፣ ለመምረጥ ያስፈልገዋል። ዓይኑን ይጠብቅለት፣ አውራ ጣቱን አያሳምመው። የሚመጣው ዓመት ጌም ጥላው አምሮለት ይቆየው። ለልጅቷ ሠርግ በሰላም ያድርሰው፣ ከፊት ወንበር ነው የምናስቀምጠው፣ ከሙሽራው እናት አጠገብ። ቤቷም ቤቱ ይሁንለት። የወለደቻቸው ልጆች በሩን ከፍተው ባዩት ቁጥር እየሮጡ አንገቱ ላይ ይጠምጠሙበት… «አጎታችን መጣ!» ይበሉት።