ሁለቴ የማይለመንበት ሻይ

እማማ ዘነቡ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው ሕፃን ልጄን ታቅፈውልኝ ያጫወቱኝን እንዳሉት ጻፍኩት።

«እኛ እዚህ አገር እንደመጣን ሰሞን፣ ልጄ፣ ያገር ሰው እንዲህ አልሞላም ነበር። ከዚህ ወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ቤቷ እየሄድኩ እረዳ ነበር፣ ሚስስ ሃሩ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት። የእኔ እንግሊዝኛ ቁንጽል፣ የሷም ቁንጽል፣ እና ቀኑን ሙሉ ዝም ነው። ዝም! ታዲያ አንድ ማክሰኞ እንደ አገሯ የሻይ ወግ ክፍሉን ራሷ ጠርጋ፣ አንዲት አበባ ብቻ አስቀምጣ፣ ወለሉ ላይ ያነጠፈችው ሰሌን ላይ ተንበርከኪ አለችኝ በእጇ። ተንበረከክሁ። ማንኪያውን ትወለውላለች፣ ጎድጓዳ ሳህኑን ታጥባለች፣ ደግሞ ትወለውላለች። ኧረ ሻዩ መቼ ሊደርስ ነው እላለሁ በሆዴ። እና አረንጓዴ የሻይ ዱቄት በፍል ውሃ መታ መታ አድርጋ፣ ሳህኑን አዙራ በሁለት እጇ አቀረበችልኝ።

እኔ ደግሞ እናቴ ያሳደገችኝ ነኝ፤ ገና ሲሰጡ ዘሎ መቀበል ነውር አይደል? «ኖ፣ ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኩ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እስክትለኝ እጠብቃለሁ። ወይ በሞቴ! እጅ ነሳችና አነሳችው። ወስዳ ደፋችው! «ምን ያለችው ንፉግ ናት» እያልኩ በአውቶቡስ ቤቴ ገባሁ።

ገና ከመግባቴ ልጇ ኮል አደረገችልኝ። «እናቴ ምን አደረገችሽ? አባቴ ከሞተ ለማንም ሻይ አቅርባ አታውቅም። ላንቺ ብላ ጎህ ሲቀድ ነው የተነሳችው።» ታዲያ ምን ልበላት? እንድትለምነኝ ፈልጌ ነው ይባላል?

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ ሰሌኑ ላይ ተንበረከክሁ። አየችኝ። አየችኝ፣ አየችኝና መጥረጊያ ይዛ መጣች፤ እንደገና ከመጥረጉ ጀመረች! ጉልበቴ ሊነቀል ደረሰ፣ ንቅንቅ አላልኩም። ስትሰጠኝ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ኮሶ ነው፣ ልጄ! ኮሶ! ግን እዚህ አገር ከመጣሁ ሰው ለኔ ብሎ እንዲያ ሲደክም አይቼ አላውቅም። ዝምታው ያው ነው፤ ለሁለት ተካፈልነው እንጂ።

ኋላ ልጇ ካሊፎርኒያ ወሰደቻት። እስቲ አስቢው፣ ማክሰኞ ሲመጣ ዛሬም ጉልበቴን ያመኛል፣ ሃ ሃ!»

ሕፃኗን መለሱልኝና ሻይ ቀድተው አቀረቡልኝ። እኔ ሕፃኗ ታለቅስባቸዋለች ብዬ ስሰጋ ቆይቼ፣ ልሄድ ተነስቼ ነበር።

«አይ እማማ፣ አይቸገ…»

«ሁለቴ አልለምንም!»

ተመልሼ ቁጭ ብዬ፣ ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።