የእማማ አቤሎኔ ተረት የማን ነው?

በዩትላንድ ጠፍ ሜዳ ዝናብ ሲይዝ መጠለያ ዛፍ አይገኝምና፣ ወጣቱ መምህር ኤስበን ክፉኛ በስብሶ ያገኘውን በር አንኳኳ። በሩ የእማማ አቤሎኔ ነበር። የያዙትን ካልሲ መሥራታቸውን ሳያቋርጡ እሳቱ ዳር አስቀመጡት እንጂ ፊታቸው አልተፈታም። በየመንደሩ ተረት እየጻፈ እንደሚዞር ሰምተዋል።

እማማ አቤሎኔ ከእናታቸው የቀራቸው አንድ ተረት ብቻ ነው፤ የውሃ ንጉሥ የወሰዳት ልጅ ተረት። በክረምት ጎረቤት ተሰብስቦ ካልሲ ሲሠራ እናታቸው ያወሩት ነበር፤ በዚያ አገር ባለተረቷ ሳትፈቅድ ሌላ ሰው አይነካውም። አሁን የሚያወርሱት ልጅ የላቸውም። የያዛቸው ሳልም ለከርሞ እንደማያደርሳቸው አልጠፋቸውም።

«የሕዝብ ተረት ትሉታላችሁ አሉ» አሉት። «ሕዝብ ማነው ልጄ? እናቴ ዓይኗ እስኪጠፋ ካልሲ ስትሠራ፣ ሕዝብ መጥቶ አላገዛትም። ዛሬ ተረቷን ሊወስድ ነው?»

«እውነትዎን ነው፣ እማማ። ስሙን ያወጣነው እኛ ፊደል የቆጠርን ነን፤ እኛም ከጀርመኖች ወስደን ነው። ማን እንደጀመረው የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድ ማለት ነው እንጂ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።»

«የኔውማ ይታወቃል። እናቴ ናት የጀመረችው።»

የተማረ ሰው ክፉ አመሉ መልስ አለማጣቱ ነው፤ ኤስበን ግን አልተከራከረም። በዚያው አገር ካለው ባሕረ ሰላጤ ማዶ አንዲት የዓሣ አጥማጅ ሚስት ይህንኑ ተረት፣ የልጅቱ ዘፈን እንኳ ሳይቀር፣ እንደነገረችው አጫወታቸው። በመጨረሻም ልጅቱ በጸደይ ወደ እናቷ ትመለሳለች አለ።

የእማማ አቤሎኔ እጅ ቆመ።

«በኛ አትመለስም» አሉ።

«በሰማሁበት ሁሉ ትመለሳለች።»

ካልሲውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ታላቅ እህታቸው ዶርተ፣ እሳቸው ገና ዳዴ ሲሉ፣ ደርቆ የሚነድ አፈር ለማገዶ ተቆፍሮ ውሃ ከሞላው ኩሬ ገብታ ቀርታለች። እናታቸው የተረቱን መጨረሻ ለምን እንደለወጡት ያን ጊዜ ገባቸው፤ አለቀሱም።

ኤስበን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሕዝብ ማለት ይኸው ነው፤ አንዷ ትቀበላለች፣ የራሷን ሐዘን ጨምራ ታሳልፋለች» አላቸው። «ቢጻፍ ያላየናቸው ልጆች የእናትዎን ሐዘን ያውቁታል። ካልተጻፈ ግን አብሮዎት ይቀበራል።»

እማማ አቤሎኔ ዓይናቸውን ጠርገው እስከ መጨረሻው ነገሩት፤ የእናታቸውንም ስም አስጻፉት።

«መጨረሻውን እንዳታቃናው» አሉት። «የማዶዋን ሴትዮም አደራ፣ እንደ እኔ አውሪው እንዳትላት። እሷ ትመልሳት፤ ልጅቱ አንድ ቤት እንኳ ትግባ።»